በራያ ቆላ የወንዶች ሽርጥና የሚስቶች ፈቃድ

በደጋው አገር አነጋገር ሱሪ የወንድነት ምልክት ነው። ጀግናን ሲያመሰግኑ «ሱሪ የታጠቀ» ይሉታል፤ ፈሪን ሲነቅፉ ደግሞ ቀሚስ ይልበስ ይሉታል። ይህን እየሰማ ያደገ ሰው ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚያልፈው መንገድ ዋጃ ላይ ወርዶ፣ ጎፈሬውን ያበጠረ፣ ዱላውን በትከሻው ያጋደመ፣ ከወገቡ በታች ግን በሱሪ ፈንታ ሽርጥ ያገለደመ ጎልማሳ ሲያይ፣ የለመደው መለኪያ በዚህ አገር እንደማይሠራ ይገነዘባል። ያ ጎልማሳ ፈሪ አይደለም፤ የሴት ልብስ ለበሰ ብሎ የሚያፌዝበት ጎረቤትም የለውም። ነገር ግን ይኸው ሰው በሽርጡ ወደ ሰርግ ወይም ወደ መሥሪያ ቤት ልሂድ ያለ እንደ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚስቱን ፊት ያያል። ሽርጡን የሚወድ እርሱ ሲሆን የሚፈቅድለት ሌላ ሰው መሆኑ ከየት የመጣ ልማድ ነው? ነገሩ የጨርቅ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም፣ በቤት ውስጥ የማን ቃል እንደሚጸና የሚያስረዳ በመሆኑ በታሪክ ዐይን ሊመረመር ይገባዋል።

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል የሚገኝ የሜዳ ከተማ ነው። በምዕራብ በኩል የላስታና የወፍላ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ሜዳውን ከአፋር በረሓ ይለየዋል። ሆርማትና ጎሊናን የመሳሰሉት ወንዞች ከደጋው ወርደው የቆቦን ሜዳ እያቋረጡ ወደ አፋር ይሄዳሉ። ገበሬው ማሽላውንና ጤፉን የሚያበቅለው ከዝናቡ ሌላ የክረምቱን ጎርፍ ከወንዙ ጠልፎ ወደ እርሻው በመምራት ጭምር ነው። በጭቃና በውሃ ውስጥ ቆሞ ለሚውል ሰው፣ ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ ሊያሸርጠው፣ ሲመለስም ሊለቀው የሚችለው ጨርቅ ከሱሪ ይልቅ ይመቸዋል። ሙቀቱም ይህንኑ ያስገድዳል። ይሁን እንጂ ልብስን በአየር ጠባይ ብቻ መፍታት አይበቃም፤ ሙቀት በሱሪ የሚኖሩ ቆለኞችም በኢትዮጵያ ሞልተዋልና።

ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ይጠቅማል። በወገብ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ዛሬ ብዙው ሰው ሽርጥ ይለዋል። ጥንታዊው ቃል ግን ግልድም ነው፤ ድርጊቱም ማገልደም ይባላል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 አዳምና ሔዋን ከበለስ ቅጠል የሠሩት ልብስ በዚሁ ቃል ተጠርቷል። የሰባ ሊቃናት የግሪክኛ ትርጉም በዚያው ስፍራ የሚያስቀምጠው ቃል «ፔሪዞማታ» ነው፤ ይኸውም በወገብ ዙሪያ የሚታጠቅ ማለት ነው። አንድ ስም ለወንዱም ለሴቲቱም መሰጠቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ይኸው የግሪክኛ ቃል በ1ኛው መቶ ዓመተ ምሕረት በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ስላለው ንግድ በተጻፈው የመርከበኞች መጽሐፍ ውስጥ እንደ ገና ይገኛል። ስሙ ያልታወቀው ጸሐፊ ከሕንድ አገር ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገቡትን ዕቃዎች ሲቈጥር፣ ከብረቱና ከሰፊው የጥጥ ጨርቅ ጋራ የወገብ መታጠቂያዎችን ይጨምራል። ስለዚህ በዚህ አገር ከውጭ የመጣ ጨርቅ በወገብ መጠምጠም ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። ዛሬ ለገላ ማድረቂያ የቀረው ፎጣ የሚለው ቃልም «ፉጣ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ በየመን ፉጣ ማለት እስከ ዛሬ የወንዶች ግልድም ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የንጉሡ ነው። የቢዛንጥዮም ንጉሥ ዮስጢንያኖስ በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም መልእክተኛ ልኮ ነበር። መልእክተኛው ያየውን ዮሐንስ ማላላስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል። በዚህ መዝገብ መሠረት የአክሱም ንጉሥ፣ ይኸውም ዐፄ ካሌብ፣ በአራት ዝሆኖች ላይ በተሠራ ሠረገላ ቆሞ ሲታይ፣ ከወገቡ በታች በወርቅ የተሠራ የተልባ እግር ጨርቅ አገልድሞ፣ በላዩ በዕንቁ ያጌጠ ነገር ደርቦ፣ ራሱንም በወርቅ በተጌጠ ጥምጥም ሸፍኖ ነበር። ናግራንን ለመርዳት ባሕር ተሻግሮ የዘመተው ንጉሥ የክብር ልብሱ ግልድም ከሆነ፣ ሱሪ የሌለው ወንድ አይደለም የሚለው የደጋው አነጋገር ከሺህ ዓመት በፊት ለነበረው ቤተ መንግሥት አይስማማም ማለት ነው።

ሱሪ በደጋው አገር የወታደርና የባላባት ልብስ ሆኖ ሥር ከሰደደ በኋላም ቢሆን ግልድም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ቦታውን ለወጠ እንጂ። በጌታው ፊት የቀረበ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያደገድግ ነበር። ማደግደግ ከሱሪ በላይ የሚደረግ ግልድም ነው፤ ፍቺውም ታዛዥነትና አክብሮት ነው። ቀሚስም እንዲሁ ነው። ፈሪን ቀሚስ ይልበስ የሚለው ሰው እሑድ ጧት ቀሚስ ለለበሰ ቄስ ጎንበስ ብሎ መስቀል ይሳለማል፤ ቃሉ አንድ፣ ልብሱም በቅርጹ እምብዛም የማይለይ ሆኖ ሳለ ግን ስድቡና ክብሩ በልቡ አይጋጩበትም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ወንድ የሴት ልብስ እንዳይለብስ ይከለክላል፤ የእስልምናም ትምህርት ይህን ይከለክላል፤ ነገር ግን የትኛው ልብስ የሴት፣ የትኛውም የወንድ እንደ ሆነ የሚወስነው ያገሩ ልማድ ነው።

ይህ ልማድ በምን ምልክት እንደሚሠራ ለመረዳት ከዞብል ወዲያ ማዶ ያሉትን አፋሮች ማየት ያስፈልጋል። የአፋር ወንድም ሴትም በወገባቸው የሚጠመጥሙት ጨርቅ ሰናፊል ይባላል። ስሙም ቅርጹም አንድ ነው። የቀድሞው ልዩነት በቀለሙ ነበር፤ የወንዱ ነጭ እንደ ሆነ ይተዋል፤ የሴቲቱ ግን በእንጨት ልጥ ተነክሮ ቡናማ ይሆናል። ወንዱ በላዩ ጊሌ የሚባለውን ጎባጣ ጩቤ ይታጠቃል፤ ያገባች ሴት በራሷ ላይ ጥቁር ሻሽ ትጥላለች። እንግዲህ ጾታን የሚናገረው ጨርቁ ራሱ ሳይሆን ቀለሙና መታጠቂያው ነው። በራያ ቆላም ያለው ከዚህ የራቀ አይደለም። ወንድ ሽርጡን የሚያጠብቀው ጫፉን አጥፎ ወደ ውስጥ በመሸጎጥ ወይም ከበላዩ ዝናር ወይም ቀበቶ በማሠር ነው። መቀነት አይታጠቅበትም፤ መቀነት የሴት ነውና። ሽርጥ ያገለደመው የዋጃ ሰው የሚስቱን ቀሚስ ልበስ ቢሉት እንደ ደገኛው ሁሉ ይቈጣል፤ በእርሱ ዐይን ሁለቱ ልብሶች የሚገናኙበት ነገር የለም።

ራያ በ16ኛው መቶ ዓመት ከመጡት ኦሮሞዎች ጋራ አማራውና ትግሬው የተቀላቀለበት፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ የሚገኙበት አገር ነው። ከአፋሩ ጋራ በገበያ ይገናኛል፤ በግጦሽና በከብት ዘረፋም ብዙ ጊዜ ተዋግቷል። በጠላትነት ዘመንም ቢሆን ልብስ ድንበር ማቋረጡን አያቆምም። ስለዚህ የራያን ሽርጥ ከአፋር የተወሰደ ነው ወይም ከዐረብ የመጣ ነው ብሎ ወደ አንድ ወገን መጣል ችኰላ ይሆናል። ከላይ እንደ ታየው ግልድም በሁለቱም ወገን ከጥንት ጀምሮ ነበር።

አሁን ወደ ሚስቶች ነገር እንመለስ ቢባል፣ መነሻው እንዝርት ነው። በኢትዮጵያ የሸማ ሥራ በሴትና በወንድ እጅ የተከፈለ ነው። ጥጡን ከፍሬው በመዳመጥ የምትለይ፣ በደጋን ነድፋ ባዘቶ የምታደርግ፣ ባዘቶውንም በእንዝርት የምትፈትል ሴት ናት። ድሩ ቀጭንና ጠንካራ፣ ማጉ ደግሞ ለስላሳና ወፍራም ሆኖ መፈተል አለበት፤ ሁለቱን አበላልጦ መፍተል የእጅ ጥበብ ነው። ሸማኔው ወንድ ነው። እርሱ የሴቲቱን ልቃቂት ተቀብሎ በክንድ ለክቶ ይሠራል፤ ዋጋውን ይቀበላል። ከዚህ በላይ በልብሱ ላይ ሥልጣን የለውም። ወፍራም ጋቢ የሚሆን ፈትል ለመጨረስ ወራት ይፈጃል፤ ይህም ሥራ የሚሠራው ወፍጮው፣ ውሃው፣ እንጨቱና ልጁ ከሚተዉት ጊዜ ላይ ተሰርቆ ነው።

በዚህ ዓይነት ሥርዐት ባል ለልብሱ የሚስቱ እጅ ተመልካች ነው። እርሻው የእርሱ ሊሆን ይችላል፤ በሬው የእርሱ ሊሆን ይችላል፤ ወገቡን የሚሸፍነው ጨርቅ ግን ከእርስዋ እንዝርት ካልወጣ አይገኝም። ሚስት ያዘነች እንደ ሆነ መጣላት አያስፈልጋትም፤ እንዝርቷን ማስቀመጥ ብቻ ይበቃታል። ጎረቤትም የባልን ልብስ ሲያይ የሚያነበው የሚስትን ስም ነው። ነጭና ያልተላላ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ባለሙያ ሚስት እንዳለችው ይታወቃል፤ የነተበውን የለበሰ እንደ ሆነ ግን ስሙ የሚነሣው የእርሱ ሳይሆን የባለቤቱ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ባል ሽርጥ ለመልበስ የሚስቱን ፈቃድ መለመን አያስፈልገውም ነበር። ፈቃዱ በድርና በማጉ ውስጥ ተፈትሎ ይመጣ ነበርና። የማትወደውን ልብስ አትፈትልለትም፤ ከፈተለችለት ወድዳለታለች።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ፣ ሚስት በሕግ በተፈቀደው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው አዝዞ ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች እንዝርትን አላሰቡትም ይሆናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። በቆላው ቤት ግን በልብስ ረገድ እኩልነት ብቻ ሳይሆን የሴቲቱ ብልጫ ከሁለቱም ሕጎች በፊት የነበረ ነው።

ይህን ሥርዐት ያናጋው ሱሪ ራሱ ሳይሆን ከሱሪው ጋራ የመጣው መንግሥት ነው። ልብስ በፖለቲካ ክስ ውስጥ እንዴት ሊገባ እንደሚችል የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ የልጅ ኢያሱ ታሪክ ያስረዳል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረበባቸው ክስ ዋናው ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚል ነበር፤ ለዚህም የሙስሊም ልብስ ለብሰው የሚያሳይ ፎቶግራፍ በሕዝብ መካከል ተዘዋውሯል፤ ፎቶግራፉ የተሠራ ሐሰት ነው የሚሉም አሉ። እውነትም ይሁን ሐሰት፣ አንድ ጥምጥምና አንድ ሽርጥ ዘውድን የሚያህል ነገር ሊያስጥል ይችላል ተብሎ መታመኑ ብቻ ለትምህርት ይበቃል። ልጅ ኢያሱ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የተሸሸጉት ሽርጥ በሚያገለድሙት በአፋሮች መካከል ነበር።

በሌላ አገር ነገሩ በዐዋጅ ተፈጽሟል። በስኮትላንድ ተራራማ ክፍል የሚኖሩ ወንዶች ከጉልበት በላይ የሚቀር ሽንሽን ጉርድ ይለብሳሉ። በ1745 እ.ኤ.አ. ከተነሣው ዐመፅ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት በ1746 ይህን ልብስ በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው። በእነዚያ 36 ዓመታት ልብሱን በሕጋዊ መንገድ ይለብሱ የነበሩት በንጉሡ ጦር ውስጥ የተመለመሉት ስኮትላንዳውያን ብቻ ነበሩ። ከተፈቀደ በኋላ ገበሬው ወደ እርሱ አልተመለሰም፤ የበዓልና የመኳንንት ልብስ ሆኖ ቀረ።

በራያ ሽርጥን ያሸነፈው የመሥሪያ ቤት ደጅ ነው። የራያ ሕዝብ ከመንግሥት ጋራ የነበረው ግንኙነት ሻካራ ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ የሚመለሰውን የንጉሠ ነገሥቱን ሠራዊት ከራያና ከአዘቦ ወገን ብዙዎች ወግተውታል፤ በ1935 ዓ.ም. በተነሣው የቀዳማይ ወያነ ዐመፅም ራያዎች ተካፍለዋል። ዐመፁ ከተመታ በኋላ ግብር ሰብሳቢው፣ ዳኛውና የፖሊስ አዛዡ እየተጠናከሩ ሲመጡ፣ ሁሉም ካኪ ሱሪ የለበሱ ነበሩ። ጣልያን ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሠራው መንገድ በዋጃ በኩል ስለሚያልፍ ከካኪው ጋራ አቡጀዲው፣ ባለ መኪናው ልብስ ሰፊና የተዘጋጀው ሱሪ መጣ። አውራጃ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ይዞ የሚሄድ ሰው ሽርጡን አውልቆ ሱሪ መዋስ ጀመረ። ተማሪ ሱሪ ለበሰ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚዘምተው ወጣት ሁሉ ሱሪ ለበሰ። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ቆቦን፣ አላማጣንና ኮረምን ሲመታ እንዝርቱም ጥጡም ከቤት ጠፋ፤ በኋላ ከውጭ የመጣው ሰልባጅ የሸፈነው ገላ ማን ፈተለው የማይባል ልብስ የለበሰ ገላ ነበር።

ሽርጥ በዚህ ጊዜ ከአደባባይ ወደ ቤት ገባ። ሰውየው ቀኑን በሱሪ ውሎ ማታ ሲመለስ አውልቆ ሽርጡን ያገለድማል፤ ሙስሊሙ በተለይ ለውዱእና ለስግደት ይመርጠዋል። ለወንድ ከእምብርት እስከ ጉልበት መሸፈን ግዴታ መሆኑን የሚያስተምረው ሃይማኖት፣ ሐጅ ሲደርስም ወንዱ የተሰፋ ልብስ ትቶ ያልተሰፋ ጨርቅ በወገቡ እንዲታጠቅ ያዝዛል። ክርስቲያኑም ከእርሻ ሲገባ እግሩን ታጥቦ በሽርጥ መቀመጥን አይጠላም። ባሎች ሽርጥን የሚወዱት ለማንም ሊያሳዩት ሳይሆን ገላቸው ስለሚያርፍበት ነው።

ጨርቁ ግን ከዚህ ወዲያ ከሱቅ የሚገዛ፣ ባለ ብዙ ቀለም፣ በባሕር ማዶ ፋብሪካ የተሠራ ሆነ። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ የሚስትን ቦታ ከሥሩ ነቀለው። ባል በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ ለመልበስ ቻለ፤ በፈትል ውስጥ የነበረው ዝምተኛ ፈቃድ ተቋረጠ። ስለዚህ ቀድሞ በእጅ የነበረው ነገር አሁን በአፍ የሚነገር ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ሱሪህን ልበስ የምትለው ሚስት፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲጠሩት በሽርጥ እንዳይሄድ የምታስጠነቅቀው ሚስት፣ አማቾች ሲመጡ ልብሱን አውጥታ አልጋ ላይ የምታኖርለት ሚስት፣ ሥልጣኗን በአዲስ መንገድ ትፈልጋለች ማለት ነው። ይህን ከንዝንዝ የሚቈጥሩ አሉ፤ ትክክል አይመስልም። የባል አለባበስ ዛሬም በሚስት ስም ይነበባል፤ ስሟ የሚነሣበትን ልብስ ግን እርስዋ አልሠራችውም። ከተማ የተማረች ሚስት ሽርጥን የባላገር ምልክት አድርጋ ልትጠላው ትችላለች። ሌላይቱ አባቷን እንደዚያ ለብሶ ስላየችው ትወደዋለች። ባልም ቢሆን፣ ሽርጡን በደጅ ለመልበስ ሲፈልግ በቀልድ አድርጎ የሚጠይቀው፣ ቢከለከል ቅር እንዳይለው ነው።

ወጣቶቹ በሌላ በር መልሰው አውጥተውታል። ነሐሴ ላይ በቆቦ ሶለል ሲከበር ልጃገረዶች የአሸንዳን ቄጤማ በወገባቸው ዙሪያ ያሥራሉ፤ ይህም ራሱ ከሁሉ የቀደመው የቅጠል ግልድም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሰርግና በባህል ቡድን መድረክ ደግሞ ጎረምሶች ሽርጥ አገልድመው ዱላ ይዘው ይጨፍራሉ፤ ከውስጥ ግን ብዙዎቹ ቁምጣ ወይም ሱሪ ለብሰዋል። አባቶቻቸው ለዕረፍት የሚያገለድሙትን እነርሱ ለመታየት ያገለድሙታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ትኵረት የሚገባው ግን ሽርጡ ዛሬ የሚመጣበት መንገድ ነው። ከወሎ ብዙ ሴቶች ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገሮች ይሄዳሉ፤ ወንዶችም እንዲሁ። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን በመለሰች ጊዜ ከመላ ኢትዮጵያ የተመለሱት ከ160,000 በላይ ነበሩ። የተመለሰችው ልጅ ወይም ሚስት ከሻንጣዋ የምታወጣው ለእናቷ ዐባያ፣ ለአባቷ ወይም ለባሏ ሽርጥ ነው። ጥጡን አልፈተለችም፤ ዋጋውን ግን በሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክካ ከፍላለች። እንዲህ ያለውን ሽርጥ ባል ወደ ገበያም ወደ ሰርግም ለብሶት ቢወጣ ፊቱን የሚያይበት ምክንያት የለውም። ብዙ ጊዜ ከሱቅ ሲወጣ ዳርና ዳሩ ሳይጋጠም ስለሚመጣ፣ ገበያ ዳር ባለ መኪናው ዘንድ ወስዶ ያሰፋዋል፤ ርዝመቱ እስከ ቊርጭምጭሚት ይውረድ ወይስ ከዚያ ይጠር ብሎ ሰፊው ሲጠይቀው፣ መልሱን ብዙ ጊዜ የምትሰጠው አብራው የመጣችው ሴት ናት።